ሸክምን መጋራትና ውሳኔን መጋራት፦ የጋራ አመራርና የሥራ አፈጻጸም በወረዳና በቀበሌ የትምህርት አስተዳደር

መግቢያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል በልማት ስብሰባዎች ላይ ደጋግሞ ይሰማል። ለትምህርት ቤት ግንባታ ድንጋይ ለማጓጓዝ፣ አጥር ለማጠር ወይም ለመማሪያ ክፍል ማደሻ ገንዘብ ለማዋጣት ሕዝብ ሲጠራ ይኸው ብሂል ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ለግማሽ ትርጉሙ ብቻ ነው። ሎሚው ለሃምሳው ሰው ጌጥ የሚሆነው እያንዳንዱ የያዘው ሎሚ የራሱ ሲሆን ነው። የሌላውን ሎሚ ተቀብሎ የሚሸከም ሰው ግን ለባለቤቱ ሸክም አቀለለለት እንጂ እርሱ ባለጌጥ አልሆነም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ ከዚሁ ልዩነት የሚነሣ ነው። በአገራችን የትምህርት አስተዳደር «የጋራ አመራር»፣ «አሳታፊ አመራር» እና «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚባሉት ቃላት ከ30 ዓመት ላላነሰ ጊዜ በፖሊሲና በመመሪያ ሰፍረው ቆይተዋል። ቦርዶች ተቋቁመዋል፤ የወላጆችና የመምህራን ኅብረቶች ተመሥርተዋል፤ ቃለ ጉባኤም ይያዛል። ታዲያ የተጋራነው ሸክሙን ብቻ ነው ወይስ ውሳኔውንም ጭምር? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በልጆቻችን የትምህርት ውጤት ላይ የሚያመጣውን ልዩነት ቀጥለን እናያለን።

ጥያቄው ለምን አስፈለገ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት በጀመረበት ዙር፣ ማለትም ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሲሆን በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ።

ይህን ውጤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ችግር ብቻ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። በ2002 ዓ.ም. በታችኛዎቹ ክፍሎች በተካሄደው የንባብ ክህሎት ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት በክፍል ደረጃቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ በብሔራዊ ፈተናው ወንበር ላይ የተቀመጡት እነዚያው ልጆችና ከእነርሱ ቀጥለው የመጡ ታናናሾቻቸው ናቸው። ስለዚህ ውድቀቱ የታየው 12ኛ ክፍል ላይ ቢሆንም የተጀመረው በ1ኛና በ2ኛ ክፍል፣ ለቀበሌው ቅርብ በሆነው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ያን ትምህርት ቤት ደግሞ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይልቅ በቅርብ የሚመሩት የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ፣ ርእሰ መምህሩና የቀበሌው ቦርድ ናቸው። የእነዚህ አካላት አመራር እንዴት እንደሚሠራ መመርመር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የጋራ አመራር ምንነት

ስለ ትምህርት አመራር ለረጅም ጊዜ የተጻፈው በአብዛኛው ስለ አንድ ሰው ነበር። ጠንካራ ርእሰ መምህር ካለ ትምህርት ቤቱ ይጠነክራል፤ ደካማ ከሆነም ይደክማል የሚለው እምነት ሰፊ ቦታ ነበረው። ካለፉት 25 ዓመታት ወዲህ ግን ተመራማሪዎች ትኩረታቸውን ከአንዱ ሰው ወደ ሰዎች ግንኙነት አዙረዋል። በዚህ ረገድ ስሙ በተደጋጋሚ የሚነሣው የትምህርት ተመራማሪ ጄምስ ስፒላን፣ አመራር በአንድ ባለሥልጣን ጠባይ ውስጥ የሚገኝ ሀብት ሳይሆን በመሪዎች፣ በተከታዮችና በሚሠሩበት ሁኔታ መካከል የሚፈጠር ተግባር ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። በዚህ አመለካከት መሠረት «መሪው ማነው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «የአመራሩ ሥራ በእነማን መካከል፣ እንዴት ይከናወናል?» የሚለው ይቀድማል።

ይህ ሐሳብ ወደ እኛ አሠራር ሲመጣ ሦስት የመጋራት ደረጃዎችን ለይቶ ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሥራን መጋራት ነው። ኃላፊው የወሰነውን ሌሎች ተከፋፍለው ይፈጽማሉ፤ ወላጆች ገንዘብና ጉልበት ያዋጣሉ፤ መምህራን በየኮሚቴው ይመደባሉ።

ሁለተኛው ሐሳብን መጋራት ነው። ውሳኔው የኃላፊው ሆኖ ሳለ ከመወሰኑ በፊት የሌሎች አስተያየት ይጠየቃል።

ሦስተኛው ውሳኔንና ተጠያቂነትን መጋራት ነው። ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቀው አካል በድንበሩ ውስጥ ይወስናል፤ ስለ ውሳኔውም ይጠየቃል፤ ለመወሰን የሚያስፈልገው መረጃም ይሰጠዋል።

ሦስቱም ጥቅም አላቸው። ነገር ግን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆመን ሳለ ሦስተኛው ላይ የደረስን መስሎ ከታየን ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። እንዲሁም የጋራ አመራር ማለት ሁሉም በሁሉም ነገር ይወስን ማለት ወይም የኃላፊውን ሥልጣን መሻር ማለት አይደለም። እንዲያውም ማን በምን ጉዳይ እንደሚወስን በግልጽ ሲቀመጥ የኃላፊው ሥራ ይቃናል።

በአገራችን የተዘረጋው መዋቅር

በሚያዝያ ወር 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደሩ ያልተማከለ እንዲሆን መሠረት ጥሏል። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ደግሞ የየደረጃውን አካላት ተግባርና ኃላፊነት ዘርዝሮ አስቀምጧል። በወረዳ ደረጃ የወረዳ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ በቀበሌ ደረጃ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ በትምህርት ቤት ደረጃ ደግሞ የወላጅና መምህር ኅብረት፣ ማለትም ወመህ፣ የሚቋቋሙት በዚህ መመሪያ መነሻነት ነው። በቀበሌው ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሰብሳቢ፣ ርእሰ መምህሩ ጸሐፊ ይሆናሉ፤ የወላጆች፣ የመምህራን፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮችም አባላት ናቸው።

በዚያው ዘመን በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ወረዳዎች ጥቅል በጀት እየተመደበላቸው በራሳቸው ምክር ቤት እንዲደለድሉ ተደረገ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ለትምህርት የሚደለደለው መደበኛ በጀት አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ስለሚውል፣ ወረዳውም ሆነ ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ሊመክርበት የሚችለው ገንዘብ ጥቂት ሆኖ ቆየ።

ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘጋጀው የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ ውስጥ የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር አንዱ ሆኖ ተካተተ። መርሐ ግብሩ አራት ዐበይት ርእሰ ጉዳዮች አሉት፤ እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታና አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር እና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ደግሞ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ አስከተለ። በዚህም ብዙ ትምህርት ቤቶች ከደመወዝ ውጭ ራሳቸው አቅደው የሚያውሉት ገንዘብ አገኙ።

እንግዲህ መዋቅሩ አለ። የጎደለው ምን እንደሆነ ለማየት ግን ከመዋቅሩ ወርደን ወደ አንድ ክፍል መግባት ይኖርብናል።

ዕውቀቱ የት ነው ያለው?

ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ እንፍጠር። በአንድ ደጋማ ወረዳ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመስከረም ወር 60 ልጆች በ1ኛ ክፍል ተመዘገቡ እንበል። በታኅሣሥ መጨረሻ የቀሩት 47 ሆኑ። ርእሰ መምህሩ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት «የመጠነ ማቋረጥ ችግር ታይቷል፤ ምክንያቱ የወላጆች ግንዛቤ ማነስ ነው» ብሎ ጻፈ። ሱፐርቫይዘሩ የየትምህርት ቤቱን ቁጥር ደምሮ ወደ ወረዳ ላከ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት በበኩሉ «በሁሉም ቀበሌዎች የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ ይካሄድ» የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ስብሰባው ተካሄደ፤ ሪፖርትም ተደረገ፤ ልጆቹ ግን አልተመለሱም።

አሁን 13ቱን ልጆች አንድ በአንድ እንጠይቅ። 5ቱ የቀሩት አዝመራ በሚሰበሰብበትና ከብት ጠባቂ በሚታጣበት ጊዜ ነው። 4ቱ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ከታላላቆቻቸው ጋር ነበር፤ በጥቅምት ወር የፈረቃ ለውጥ ሲደረግ ታላላቆቹ ከሰዓት በኋላ፣ ታናናሾቹ ጠዋት እንዲማሩ ስለተወሰነ አንድ ሰዓት የሚያስኬደውን መንገድ አብሯቸው የሚሄድ ጠፋ። 2ቱ ደብተር አልቆባቸው ነው፤ የቀሩት 2ቱ ደግሞ ቤተሰባቸው አካባቢውን ለቅቋል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። የከብት ጥበቃውን ጉዳይ የሚያውቁት ወላጆችና የቀበሌው ሰዎች ናቸው። የፈረቃውን መዘዝ የሚያውቁት እናቶች ናቸው፤ ምናልባት በቦርዱ ውስጥ ያለችው የሴቶች ተወካይ ሰምታለች፤ ነገር ግን በአጀንዳው ላይ ስላልነበረና ስላልተጠየቀች አልተናገረችም። ደብተር ያለቀበትን ልጅ የሚያውቀው የክፍሉ ኃላፊ መምህር ነው። የለቀቁትን ቤተሰቦች የሚያውቀው የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነው።

መፍትሔውም እንዲሁ የተበታተነ ነው። ፈረቃውን ማስተካከል ርእሰ መምህሩና መምህራኑ በአንድ ስብሰባ ሊወስኑት የሚችሉት ጉዳይ ነው። ደብተር ለመግዛት የትምህርት ቤት ድጎማውን ወይም የወመህን ገንዘብ መጠቀም ይቻላል። ለአዝመራው ወቅት ማካካሻ ትምህርት ማዘጋጀትና የሰዓት አደላደሉን ማስተካከል ግን ርእሰ መምህሩ ብቻውን የሚጨርሰው ስላልሆነ የወረዳውን ስምምነት ይጠይቃል። ከ13ቱ መካከል 11ዱን ልጆች ለመመለስ የሚያስፈልገው ዕውቀትም ሆነ አቅም በዚያው ወረዳ ውስጥ ነበር። ሆኖም የሚያውቁት አልወሰኑም፤ የወሰኑትም አላወቁም።

የጋራ አመራር ዋና ምክንያት ይህ ነው። አመራርን የምንጋራው መጋራት መልካም ጠባይ ስለሆነ ብቻ ወይም መመሪያ ስላዘዘን አይደለም። አንድ ልጅ ለምን እንደማይማር የሚገልጸው ዕውቀት በብዙ ሰዎች መካከል ተበትኖ የሚገኝ ስለሆነ፣ ውሳኔውም ዕውቀቱ ወዳለበት ካልቀረበ ሥራው አይሠምርም።

ከሥራ አፈጻጸም ጋር ያለው ግንኙነት

የጋራ አመራር የተማሪን ውጤት ያሻሽላልን? በዚህ ጥያቄ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጥንቃቄ የተሞላበት መልስ ይሰጣሉ። ኬኔዝ ሊትውድና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የጥናቶች ዳሰሳ፣ በትምህርት ቤት ውስጥ ካሉት ነገሮች መካከል በተማሪ መማር ላይ ካለው ተጽዕኖ አንጻር አመራር ከክፍል ውስጥ ማስተማር ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ እንደሚገኝ ገልጸዋል። ሮናልድ ሄክና ፊሊፕ ሃሊንገር ደግሞ በአንድ የአሜሪካ ግዛት የሚገኙ ወደ 200 የሚጠጉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለ4 ዓመታት ተከታትለዋል። በጥናታቸው መሠረት አመራሩን በጋራ የማካሄድ ልማድ እየጠነከረ በሄደባቸው ትምህርት ቤቶች የትምህርት ቤቱ የማሻሻል አቅም አደገ፤ የተማሪዎች ውጤትም በዚያው መንገድ ተሻሻለ።

ከእነዚህ ጥናቶች ሁለት ትምህርቶች እናገኛለን። አንደኛ፣ ተጽዕኖው ቀጥተኛ አይደለም። ቦርዱ ስለተሰበሰበ ብቻ ልጁ ማንበብ አይችልም። የቦርዱ ውሳኔ የመምህሩን ሥራ፣ የክፍል ጊዜን፣ የመጻሕፍትን አቅርቦት ወይም የልጁን መገኘት ሲለውጥ ብቻ ወደ ውጤት ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ለውጡ ጊዜ ይወስዳል፤ በአንድ የበጀት ዓመት ሪፖርት ተለክቶ የሚያልቅ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ቦርድ የራሱን ሥራ ሲመዝን «ስንት ጊዜ ተሰበሰብን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ካለፉት ሦስት ውሳኔዎቻችን መካከል ክፍል ውስጥ የደረሰው የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። አጥር መታጠሩ፣ ሽንት ቤት መሠራቱና ጣሪያ መታደሱ አስፈላጊዎች ናቸው። በተለይ ለሴት ተማሪዎች ንጹሕና የተለየ ሽንት ቤት መኖሩ ለመገኘታቸው ወሳኝ ነው። ነገር ግን የቦርዱ አጀንዳ ዓመቱን ሙሉ ግንባታና መዋጮ ብቻ ከሆነ፣ ከማሻሻያ መርሐ ግብሩ አራት ርእሰ ጉዳዮች መካከል መማር ማስተማር ያለ ባለቤት ቀርቷል ማለት ነው።

መጋራት የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የጋራ አመራር የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ብዙ ቢሆኑም አምስቱ ጎልተው ይታያሉ።

ሀ) ፊርማን እንደ ውሳኔ መቁጠር። ዕቅዱና በጀቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ አባላቱ ለማጽደቅ ብቻ ሲጠሩ ይስተዋላል። ቃለ ጉባኤው በዕለቱ ይነበባል፤ ይፈረማል። አባላቱ የፈረሙበትን የሂሳብ ሰነድ አንብበው ለመረዳት ጊዜ አላገኙም፤ አንዳንዶቹም ማንበብ አይችሉ ይሆናል። ነገ የኦዲት ጥያቄ ሲነሣ ግን ፊርማቸው ተጠያቂ ያደርጋቸዋል። ይህ ተጠያቂነትን ያለ ውሳኔ መጋራት ነው፤ ሰዎችን ከቦርድ አባልነት የሚያሸሸውም ይኸው ነው።

ለ) መረጃ ወደ ላይ ብቻ መሄዱ። ትምህርት ቤቱ የምዝገባ፣ የማቋረጥና የውጤት ቁጥር ሞልቶ ይልካል፤ ቁጥሩ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይጓዛል። የኢንስፔክሽን ቡድን መጥቶ ትምህርት ቤቱን ከ1 እስከ 4 ባለው ደረጃ ይመድባል። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ደረጃ 2 ላይ መሆኑን፣ ለምንስ ደረጃ 3 እንዳልደረሰ ለወላጆች በሚገባቸው ቋንቋ የሚነግራቸው አካል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሐ) አደረጃጀት በአደረጃጀት ላይ መደራረብ። በ2000ዎቹ ዓመታት የትምህርት ልማት ሠራዊትና የ1 ለ 5 አደረጃጀት በየትምህርት ቤቱ ተዘርግተው እንደነበር ይታወሳል። መምህራንና ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲደጋገፉ የታሰበው ዓላማ በራሱ መልካም ነበር። ነገር ግን በብዙ ቦታ ሥራው የሳምንታዊ ቅጽ መሙላት ሆኖ ቀረ። ከዚህ የምንማረው፣ የመጋራት ቅርጽ ከላይ ተሰፍቶ ሲወርድ የሚባዛው ሪፖርት እንጂ አመራር አለመሆኑን ነው።

መ) የኃላፊዎች መለዋወጥ። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወይም ርእሰ መምህር ሲዛወር ዕቅዱ፣ ስምምነቱና የተጀመረው ሥራ አብሮት ይሄዳል። አመራሩ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ከነበረ አዲሱ ተሿሚ ከሀ ብሎ ይጀምራል። በአንጻሩ ምክትል ርእሰ መምህሩ፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪዎቹና የወመህ አባላት ውሳኔውን በእርግጥ ተጋርተውት ከሆነ ሥራው የመሪውን መለወጥ ይሻገራል። አመራርን መጋራት ለቀጣይነት ዋስትና የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሠ) የሱፐርቫይዘሩ መሐል መንገድ ላይ መቅረት። የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ ማዕከል ትምህርት ቤቱንና በዙሪያው ያሉትን ሳተላይት ትምህርት ቤቶች እየዞረ እንዲደግፍ የተመደበ ባለሙያ ነው። በሥራው ባሕርይ ትምህርት ቤቱንና ወረዳውን የሚያገናኝ ድልድይ ነው። ነገር ግን መጓጓዣ ሳይኖረው፣ የመወሰን ሥልጣን ሳይሰጠው፣ ሥራውም በመረጃ መሰብሰብ ብቻ ሲለካ ወደ መልእክተኛነት ይለወጣል።

ከእነዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነ አንድ አደጋ ደግሞ አለ። መጋራቱ ድንበር ካልተበጀለት የሁሉም ሥራ የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል። ኮሚቴው ለቦርዱ፣ ቦርዱ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ጽሕፈት ቤቱ ለኮሚቴው እየመራው ጉዳዩ ይዞራል። ጠንካራ የጋራ አመራር ባለበት ሁሉ እያንዳንዱ ውሳኔ በስም የሚጠራ ባለቤት አለው።

ምን ይደረግ?

የሚከተሉት እርምጃዎች አዲስ መዋቅርም ሆነ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቁ፣ ባለው አደረጃጀት ውስጥ ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው።

1. የውሳኔ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት። በዓመቱ መጀመሪያ ርእሰ መምህሩ፣ ቦርዱና ሱፐርቫይዘሩ በአንድ ገጽ ላይ ዋና ዋና ጉዳዮችን ይዘርዝሩ፤ ለምሳሌ ፈረቃ፣ የድጎማ ገንዘብ አጠቃቀም፣ የማካካሻ ትምህርት፣ የመዋጮ መጠን፣ የመምህራን የእርስ በርስ ምልከታ። በእያንዳንዱ ትይዩ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ አስቀድሞ የሚመከረው ማን እንደሆነ፣ ለማንስ እንደሚገለጽ ይጻፍ። ሠንጠረዡ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

2. ለቦርዱ የሚነገር አንድ ገጽ መረጃ። በየወሩ አራት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ የተመዘገቡ፣ ባለፈው ሳምንት የተገኙ፣ ያቋረጡ በስምና በምክንያት፣ እንዲሁም በ2ኛና በ3ኛ ክፍል አጭር ምንባብ ማንበብ የቻሉ ልጆች። ማንበብ ለማይችሉ አባላት በቃል ይነገር። ስብሰባው ከቁጥሮቹ ይጀምር እንጂ በመጨረሻ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር አይውደቅ።

3. ዝምታን አለመመዝገብ። ሰብሳቢው ውሳኔ ከመተላለፉ በፊት እያንዳንዱን አባል በየተራ ቢጠይቅ፣ በተለይም የሴቶች ተወካዮችን አስቀድሞ ቢያናግር፣ ከላይ በምሳሌው ያየነው የፈረቃ ጉዳይ በጥቅምት ወር ይወጣ ነበር። የወጣቶችና የተማሪዎች ተወካዮችም እንዲሁ።

4. መምህራንን ከአፈጻሚነት ወደ መሪነት ማምጣት። በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ያህል በሙያ ማሻሻያ እንዲሳተፍ ይጠበቃል። ይህ ጊዜ ማኅደር ለመሙላት ከሚውል ይልቅ የታችኛዎቹ ክፍሎች መምህራን ተሰብስበው የማያነቡ ልጆችን የሚለዩበትና የማስተማር ስልታቸውን የሚመካከሩበት ቢሆን፣ ውይይቱንም ልምድ ያለው መምህር እንጂ ሁልጊዜ ርእሰ መምህሩ ባይመራው፣ አመራሩ ወደ ክፍሉ ገባ ማለት ነው።

5. ወረዳው መልስ የመስጠት ግዴታ ይግባ። ከትምህርት ቤት ለሚቀርብ እያንዳንዱ ጥያቄ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በተወሰነ ቀን ውስጥ «ተፈቅዷል»፣ «አልተፈቀደም፤ ምክንያቱም…» ወይም «ለዚህ አካል ተመርቷል» የሚል መልስ ይስጥ። መልስ የማያገኝ ቦርድ መጠየቅን ያቆማል፤ ከዚያም መሰብሰብን ያቆማል። አወንታዊ ያልሆነ መልስ እንኳ ምክንያቱ ከተገለጸ መተማመንን ይገነባል።

6. ርክክብን ማጠናከር። ኃላፊ ሲለወጥ የቢሮ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የተወሰኑ ውሳኔዎች፣ የተገቡ ስምምነቶችና በሂደት ላይ ያሉ ሥራዎች በቦርዱ ፊት ይተላለፉ።

በአካባቢው የሚከበሩ ሰዎች፣ ማለትም የሀገር ሽማግሌዎች፣ የእድርና የማኅበር መሪዎች እንዲሁም የሃይማኖት አባቶች፣ በዚህ ሥራ ልዩ ቦታ አላቸው። ብዙውን ጊዜ የሚጋበዙት መዋጮ በሚሰበሰብበት ወይም በምረቃ ዕለት ነው። ሆኖም ያለዕድሜ ጋብቻ በሚበዛበት አካባቢ ስለ አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ዕጣ፣ ወይም በበዓላትና በአዝመራ ወራት ስለሚባክነው የትምህርት ጊዜ የእነርሱ ቃል ከደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። ስለዚህ ውሳኔው ካለቀ በኋላ ለማስፈጸም ብቻ ሳይሆን ውሳኔው በሚመከርበት ጊዜ መገኘት ይገባቸዋል።

በትምህርት ሥራ የሚሰማሩ የልማት ድርጅቶችም ራሳቸውን ሊመረምሩ ይገባል። የፕሮጀክት ሰነድ ተፈርሞ፣ የሕንፃው ቦታና ዓይነት ተወስኖ ካበቃ በኋላ የሚመሠረት የፕሮጀክት ኮሚቴ ሸክም ተሸካሚ እንጂ መሪ አይሆንም። ኮሚቴው ከቀበሌው ቦርድ ተለይቶ ሲቋቋም ደግሞ ነባሩን አካል ያዳክማል፤ ፕሮጀክቱ ሲያበቃም አብሮ ይፈርሳል። ያለውን ቦርድና ወመህ ማጠናከር ቀስ ያለ መንገድ ቢሆንም የሚሰነብተው እርሱ ነው።

ማጠቃለያ

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» የተሰኘው ንቅናቄ ሕዝቡ ለትምህርት ቤቶች መሻሻል ገንዘቡን፣ ጉልበቱንና ቁሳቁሱን ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን በድጋሚ አሳይቷል። ይህ ፈቃደኝነት ታላቅ ሀብት ነው። ግን ሀብቱ የሚሰነብተው የሰጠው ሰው ስለ ሰጠው ነገር ሲያውቅና ሲወስን ነው። ወላጁ ድንጋይ አቀብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ከሆነ ሕንፃው ይቆማል፤ በሕንፃው ውስጥ ያለው ልጁ ማንበብ መቻል አለመቻሉን ግን የሚጠይቅለት አይኖርም።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሞከርነው አንድ ነገር ነው። በወረዳና በቀበሌ የትምህርት አስተዳደር የጋራ አመራር ውጤት የሚያመጣው ሥራ ብቻ ሲከፋፈል ሳይሆን መረጃ፣ ውሳኔና ተጠያቂነት ሦስቱም አብረው ሲጋሩ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል መጋራቱ ስም ብቻ ይሆናል። ሦስቱ ሲሟሉ ግን በታኅሣሥ ከመዝገቡ የተሰረዙት ልጆች በጥር ወር ወደ ክፍላቸው የሚመለሱበት መንገድ ይከፈታል፤ ሎሚውም ያኔ ለሃምሳው ሰው ጌጥ ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ የሚገኘው የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ባለፈው ዓመት ካስተላለፋቸው ውሳኔዎች መካከል መማር ማስተማርን የሚመለከቱት ስንት ናቸው?

2. ከመዋጮና ከጉልበት ሥራ ውጭ ወላጆች በእርግጥ የሚወስኑበት አንድ ጉዳይ መጥቀስ ትችላላችሁን?

3. በትምህርት ቤታችሁ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ልጆች በስም ይታወቃሉን? ምክንያቱን የሚያውቀው ማነው? ያ ሰው የተጠየቀው መቼ ነው?

4. ርእሰ መምህሩ ወይም የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነገ ቢዛወሩ የትኛው ሥራ ይቀጥላል? የትኛውስ ይቆማል?